ማንም ያልፈለገው እርማት

ጥር 14

ኤርምያስ ዛሬም ቅጽ ላከ። አራተኛው። «የአባላት ስኬት መሙያ ቅጽ፣ የተሻሻለ»። ምኑ ነው የተሻሻለው? ያው ስም፣ ያው ስልክ፣ ያው «በዓመቱ ያስመዘገቡት ስኬት በአጭሩ»... በሚቀጥለው የጫማ ቁጥሬን ሳይጠይቀኝ አይቀርም። የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኖ ከተመረጠ ወዲህ ፊዚክሱን ትቶ ቅጽ ያረባል።

መልስ አልሰጠሁትም። የ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ፈተና ነበረብኝ፣ መቶ አሥራ ሁለት ወረቀት። ግማሹ ልጅ አሲድና ቤዝ አይለይም። የለየው ደግሞ ስሙን አልጻፈም።

ባሌ ዲኖ ከሱቅ ሲገባ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ስሚንቶ... እስኪጨርስ እራቱ ቀዘቀዘ። «ምን ሆነሽ ነው የተኮሳተርሽው?» ይለኛል። ምንም አልሆንኩም። ደከመኝ።

ጥር 17

የኮሚቴ ስብሰባ፣ ሱሉልታ። ከሰበታ ሱሉልታ! ሦስት ታክሲ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ። «የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ የሳይንስ ማኅበር» ብሎ ያቋቋመን ሰው ካርታ አይቶ ያውቃል? በሦስቱ ከተሞች በየተራ እንሰብሰብ ስለተባለ ሁልጊዜ የሁለቱ ከተማ ሰው ተናዶ ነው የሚመጣው።

አጀንዳው አንድ ነው፤ የአሥረኛ ዓመት በዓል። የካቲት 23፣ ቡራዩ። መጽሔት ይታተማል፣ የማኅበሩ ሥራና የአባላት ስኬት ይወጣበታል። ሊቀመንበራችን ኦቦ ጌታቸው የከተማው ሰዎች እንደሚመጡ ሦስት ጊዜ ነገሩን። ለማኅበሩ አንድ ክፍል ቢሮ ሊሰጡን ነው አሉ። አሥር ዓመት ሙሉ ቢሯችን የሳቸው ኮት ኪስ ነበር፤ ማኅተሙም እዚያው።

ከዚያ ስኬቶቹ ተነበቡ። አንዱ የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ሜዳሊያ ልኳል። አንዱ «ሦስተኛ ልጅ ወልጃለሁ» ብሎ ሞልቷል። ባዮሎጂ ነው ብሎ ይሆን? ኦቦ ጌታቸው ሰርተፊኬት ሲቀበሉ የተነሷቸውን አርባ አንድ ፎቶዎች አቀረቡ፤ የቱ እንደሚወጣ እንድንመርጥላቸው። ዓምና ያዘጋጀነው የኮከብ ምልከታ ደግሞ «በተሳካ ሁኔታ ተካሂዷል» ተብሎ ገባ። ደመና ነበር እኮ! አንድም ኮከብ አላየንም። ይህን ስናገር ኤርምያስ «ሰው ግን መጥቷል» አለኝ።

በመጨረሻ የእኔ ምንጭ። ቡራዩ ዳር ያለው፣ መስከረም ላይ የመረመርኩት፣ ናይትሬቱ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ያገኘሁት፣ በማኅበሩ ደብዳቤ ታኅሣሥ ላይ የተዘጋው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሁን ተባለ። «የዓመቱ ተመራማሪ፣ መምህርት ሬሐና!» አሉ ኦቦ ጌታቸው። ተጨበጨበ።

ደስ አለኝ። ለራሴ ምን ልዋሽ? በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ጥር 26

ለመጽሔቱ ፎቶ ተነሳሁ። ነጭ ጋዋን ልበሺ፣ ብልቃጥ ያዢ አሉኝ። ብልቃጡ ውስጥ ምን ይግባ? ኤርምያስ ሚሪንዳ ጨመረበት። ምንጩን ስመረምር ጭቃ ውስጥ በቦት ጫማ ነበርኩ... ይሁን።

የካቲት 2

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ለበዓሉ የሚለጠፍ ሠንጠረዥ ሥሪ ስለተባልኩ የመስከረሙን ደብተር አወጣሁ። የመመርመሪያው ማሽን የሚተፋቸውን ትናንሽ ወረቀቶች ገጹ ላይ በስቴፕለር አያይዣቸዋለሁ። የምንጩ ወረቀት 17 ይላል። እኔ 75 ብዬ ነው የጻፍኩት። የተፈቀደው 50።

17 እንዴት 75 ሆነ? ይህን መልሱን አውቃለሁ፣ ራሴ ነኝ ያሰላሁት። ማሽኑ በናይትሮጅን ሲለካ ቁጥሩ በ4.4 ይባዛል፣ ናይትሬቱ ይገኛል። አባዛሁት። ትክክል።

ግን ወረቀቱ ላይ ከ17 አጠገብ፣ ጉንዳን በምታህል ጽሑፍ፣ «እንደ ናይትሬት» ይላል።

ቀድሞ ተባዝቷል ማለት ነው። እኔ ደግሜ አባዛሁት። 17 ነው። ውሃው ደህና ነው። ደህና ነበር።

አምስት ወር ሙሉ ይህን ወረቀት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ? ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ «መለኪያውን አንብብ፣ መለኪያውን!» እያልኩ ነጥብ የምቀንስ ሰው...

የካቲት 3

እንደገና አሰላሁ። ያው ነው።

ሱሉልታ ላቦራቶሪ ለሚሠራው ለሚልኬሳ ደወልኩ። አዲስ ናሙና ላምጣልህ፣ ትመረምርልኛለህ? «ለምን? ያንቺ እኮ አልቋል፣ ልትሸለሚ ነው» አለ። አምጪ ግን አለ። ከአባላቱ ሁሉ ቅጽ ያልሞላው እሱ ብቻ ነው። ለዚህ ይሆናል የማምነው።

ለዲኖ ነገርኩት። ስልኩን አስቀመጠ። ዲኖ ስልኩን ሲያስቀምጥ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

የካቲት 6

ከሰዓት ክፍል ስለሌለኝ ቡራዩ ሄድኩ።

ምንጩን በብረት ሳጥን አሽገውታል፣ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፣ በቀይ ቀለም «አይጠጣም» ተጽፏል። ውሃው በጀርባ በኩል በትርፍ ቱቦ እየወጣ ቦይ ውስጥ ይፈሳል። ንጹሕ ውሃ፣ ዝም ብሎ...

አጠገቡ የሴቶቹ የችግኝ ቦታ ነበር። ስምንት ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩበት። መስከረም ላይ ስመጣ አቮካዶው፣ ግራቪሊያው አረንጓዴ ነበር። አሁን ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ደረቅ እንጨት። ለችግኝ እኮ 75 ቢሆንም ምንም አይደለም! ማን ለችግኝም ዝጉ አለ? እኔ አላልኩም። አይሆንም ብዬም አልተናገርኩም።

አዴ ያለምወርቅ አዩኝ። የሴቶቹ ሰብሳቢ፣ ስድሳውን ያለፉ። «አካም ጂርታ! የውሃዋ መምህርት!» ብለው አቀፉኝ። አገላብጠው ሳሙኝ። «አንቺ ባትደርሺልን ስንቱን ሕፃን እንጨርስ ነበር። ጋላቶማ፣ ጋላቶማ።» እንዲህ ሲያመሰግኑኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ውሃ ከየት እንደሚቀዱ ጠየቅኳቸው። ከታች ከወንዙ፣ ወይ አህያ ጋሪ ሲመጣ። ምርር ሳይሉ ነው የነገሩኝ። ሳይንስ ካለ ምን ይደረጋል ዓይነት።

ከዚያ በር ላይ ወደተቀመጠች ልጅ በዓይናቸው አሳዩኝ። የልጃቸው ሚስት ናት፣ ጂጂ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሄመን የምትባል ልጅ ነበረቻት። አምስት ወሯ ነበር። ባለፈው ሰኔ ሞተችባት። ጡቷ አልበቃ ብሎ የዱቄት ወተት በዚህ ውሃ ነበር የምትበጠብጥላት። አዳራሽ አንቺን ሰምታ ከመጣች ወዲህ... እኔ ነኝ በእጄ የገደልኳት ትላለች። ማን ያስተዋት?»

አዳራሽ ውስጥ ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ኅዳር ላይ ነበር። «ናይትሬት ከማዳበሪያና ከሽንት ቤት ሰርጎ የሚገባ ነው። ለትልቅ ሰው ብዙም አይደለም። በጡጦ ወተት ለሚያድግ ሕፃን ግን ገዳይ ነው።» ገዳይ! ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት። ኦቦ ጌታቸው በኋላ «ያቺ ቃል ሰውን አነቃች» ብለው አድንቀውኝ ነበር።

መናገር ነበረብኝ። እዚያው፣ ያኔውኑ። የናሙናውን ጠርሙስ ከትርፍ ቱቦው ሞልቼ ሄድኩ። ለራሴ ያልኩት፦ የሚልኬሳ ውጤት ይምጣ መጀመሪያ።

ፈሪ ነኝ።

የካቲት 8

ሚልኬሳ ደወለ። «አሥራ ስድስት። ሁለቴ ሠራሁት። ምን አድርገሽ ነው ሰባ አምስት ያመጣሽው?»

«ደግሜ አባዛሁት።»

«ያ ዋቅ... አምላኬ...» ብቻ አለ። ስድብ ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

የካቲት 12

የሰማዕታት ቀን፤ ትምህርት የለም። ሱሉልታ፣ ኦቦ ጌታቸው ቤት። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ያላቸው ይህ ማኅበር ብቻ ነው። ይህን ስለማውቅ ነው የከበደኝ።

ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። አላዩትም። መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም።

«ስንት ቀን ቀረው በዓሉ?»

«አሥራ አንድ።»

«ስለዚህ አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ እናስተካክለዋለን።»

«ኦቦ ጌታቸው፣ ምንጩ ተዘግቷል እኮ። ሰው ከወንዝ ነው የሚቀዳው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ግን አስቢው። አሥር ዓመት ሙሉ ማን ሰምቶን ያውቃል? በዚህ ምንጭ ነው የታወቅነው። የከተማው ሰዎች የሚመጡት ለዚህ ነው። አሁን ተሳስተን ነው ብንል ቢሮውን ተይው፣ ደግመው ስልካችንን አያነሱም።»

ስለ ጂጂ ልነግራቸው ስል እንግዳ ገባ። ወይስ እንግዳው ሰበብ ሆነልኝ?

ሁለት ሰዓት ተኩል መመለሻ። አየር ጤና ላይ ታክሲ የለም። ዝናብ። በየካቲት!

የካቲት 17

መጽሔቱ ታተመ። ሦስት መቶ ቅጂ። እኔ ሽፋኑ ላይ፣ ሚሪንዳዬን ይዤ። ከሥሬ በቀይ፣ ሎሚ የሚያህል «75»። ስሜንም «ሪሃና» ብለው ነው የጻፉት። ስለ ስሜ ደውዬ ብጮህ ኤርምያስ «እሱን በእርማት እናወጣዋለን» አለኝ። ለስም እርማት አለ! «ቁጥሩንስ?» ስለው «ሲስተር፣ እሱ ከእኔ አቅም በላይ ነው» አለ።

የካቲት 22

የረመዳን መጀመሪያ ቀን። ራሴን አመመኝ፤ ከፆሙ ይሁን ከነገው አላውቅም።

ዲኖ፦ «ነገ መድረክ ላይ ትናገሪያለሽ?»

«እናገራለሁ።»

«ለዚያች ልጅስ?»

«ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዤ ብሄድ...»

«ማኅተም?» አለኝ። «ያኔ ገዳይ ነው ስትያት ማኅተም ይዘሽ ነበር?»

ተነስቼ መብራቱን አጠፋሁ። ልክ ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

የካቲት 23

በዓሉ አለፈ። እንዴት ብዬ ልጻፈው...

መጀመሪያ ኬኩ። በክሬም የተሸፈነ፣ ሦስት ፎቅ። ክርስቲያኑ ሁዳዴ ገብቷል፣ እኛ ረመዳን። አዳራሹ ውስጥ ኬክ የሚበላ አንድ ሰው የለም! ማን አዘዘው? «ፕሮግራሙ ላይ ኬክ መቁረስ ይላል» አለ ኤርምያስ። ስለዚህ ተቆረሰ። ሁላችንም አጨበጨብን። ኬኩ እየቀለጠ ቀረ።

ኦቦ ጌታቸው አርባ ደቂቃ የማኅበሩን ታሪክ ተናገሩ። የኮከብ ምልከታው ተሳካ። ሯጩ ተጠራ። ከዚያ እኔ።

የጻፍኩትን ወረቀት ይዤ ወጣሁ። በግልጽ ነው የተናገርኩት። እምላለሁ በግልጽ ነው። «የምንጩ ቁጥር ስህተት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ደግሜ አባዝቼዋለሁ። ውሃው ደህና ነው፤ ምንጩ ይከፈት።» ለደቂቃ ፀጥ አለ። አሁን ገባቸው ብዬ አሰብኩ።

ከከተማው የመጡት እንግዳ ተነሱ። ማይክሮፎኑን ተቀበሉኝ። «ሳይንስ ማለት ይሄ ነው!» አሉ። «እንዲህ ያለ ትሕትና! ሕፃናቶቻችንን ከሞት አድና፣ አሁንም ተሳስቼ ይሆናል ትላለች!» አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

ይሆናል አላልኩም! ይሆናል የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም!

ማይክሮፎኑን መልሼ ልቀበል ስል ሙዚቃ ተከፈተ። የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ የማኅበሩ ስም ያለበት። ወንበር ላይ ትቼው ወጣሁ። ኤርምያስ ታክሲ ተራ ድረስ ሮጦ አመጣልኝ። «ረስተሽው» አለ እያለከለከ።

የካቲት 24

የማኅበሩ ቴሌግራም፦ ስልሳ ሦስት ጭብጨባ፣ አሥራ አራት ልብ። «ትሑቷ ተመራማሪያችን»።

አንድ የሚልኬሳ መልእክት፦ «እሷ ያለችውን የሰማ የለም?» ማንም አልመለሰለትም።

የካቲት 26

ለራሴ አልኩ፣ ማኅበሩን ትተሽ በቀጥታ ሂጂ። ቡራዩ፣ የውሃ ቢሮ። የሚልኬሳን ውጤት፣ የእኔን የእምነት ቃል፣ ሁሉን ይዤ።

ሰውየው ጨዋ ነው። ሁሉንም አነበበ። «ገባኝ» አለ። የገባው የመጀመሪያው ሰው! ከዚያ ፋይሉን አወጣ። «ግን ምንጩ የተዘጋው በማኅበሩ ደብዳቤ ነው። በግለሰብ አይከፈትም። ማኅበሩ ማኅተም አድርጎ ይጻፍልን።»

«ስህተቱን የሠራሁት ግለሰቧ ነኝ።»

«አውቃለሁ መምህርት። የዘጋው ግን ማኅበሩ ነው።»

ምን ይባላል? ልክ ነው። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ጥበቃው ውሃ ላምጣልሽ አለኝ... ፆም ነኝ አልኩት።

የካቲት 28

እንደገና ሱሉልታ። ዛሬ ለመለመን አልሄድኩም። መልቀቂያዬን ጽፌ ነበር፤ ሰዓታቸውንም ይዤ።

ኦቦ ጌታቸው በር ላይ ሲያዩኝ «ደግሞ መጣሽ» አሉ። ደግሞ መጣሁ አልኩ። እንግዳ ሳይመጣ፣ ገና ሳልቀመጥ፣ ስለ ጂጂ ነገርኳቸው። ስለ ሄመን። ስለ ጡጦው። አንድ ቃል አላስቀረሁም። «ገዳይ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አንቱም አድንቀውኛል።»

መነጽራቸውን ፈለጉ። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ቤቱን ሙሉ ፈለጉት። አገኙት። «አምጪው እስቲ» አሉ።

ትንሿን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዟት። እርሳስ ጠየቁ። ከመጽሔቱ ጀርባ ላይ፣ እንደ ጥንቱ፣ በእጃቸው አሰሉት። የናይትሮጅን ክብደት፣ የኦክስጅን ክብደት፣ ማካፈል። እጃቸው ቀስ እያለ... አንድም ቁጥር አልዘለሉም። እስኪጨርሱ ምንም አይነግሩኝም ነበር፤ ተማሪ እንደሆንኩ ቆሜ ጠበቅኩ።

ከአሥራ ሰባት ሥር ሁለት ጊዜ አሰመሩ።

«ኅዳር ላይ ይህን ደብዳቤ ስፈርም» አሉ፣ «ይቺን ወረቀት አልጠየቅኩሽም። ተማሪ ቢሆን ሥራህን አሳየኝ እለው ነበር። አንቺን ግን... ጥሩ ዜና ስለሆነ ዝም ብዬ ፈረምኩ።»

ትንሿን ወረቀት መልሰው ሰጡኝ።

«ኮቴን አቀብዪኝ።»

ማኅተሙን አወጡ። ደብዳቤውን ራሳቸው ጻፉት፤ «ማኅበሩ ተሳስቷል» ነው የሚለው። «መምህርት ሬሐና ተሳስታለች» አይልም። ሁለቱም ይግባ ስላቸው «ዝም በይ» አሉኝ። ሰዓቱን መልሼ ስሰጣቸው ግን አልተቀበሉም። «የሚሄድ ሰዓት ነው፤ ምን አደረገሽ?»

መልቀቂያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አልሰጠኋቸውም።

መጋቢት 1

ሄድኩ።

ጂጂ ልብስ ታጥብ ነበር፣ ከወንዝ በመጣ ውሃ፣ ቡናማ። አዴ ያለምወርቅ ሊስሙኝ ሲመጡ «ይቆዩ፣ መጀመሪያ ያዳምጡኝ» አልኳቸው። በሁለቱም ፊት ነገርኳቸው። ወረቀት አላወጣሁም። ውሃው ደህና ነበር። ድሮም። ሰኔም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሄመንን ያ ውሃ አልገደላትም።

አዴ ያለምወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጂጂ ልብሱን መጭመቋን አላቆመችም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች።

«የካቲት ሁለት።»

«አንድ ወር ሊሞላው ነው።»

«አዎ።»

«አንድ ወር ሙሉ አውቀሽ ዝም አልሽ።»

«አዎ።»

ያኔ ቀና አለች። የተዘጋጀሁት ለስድብ ነበር፣ ለልቅሶ ነበር... ምስጋና ይመጣል ብዬም፣ ይቅር ይበለኝ፣ በጥቂቱ ተስፋ አድርጌ ነበር።

«ታዲያ በምን ሞተች?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም!» ልብሱን ወረወረችው። «ያኔ በማይክሮፎን ታውቂ ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳት ብዬ ማታ ማታ... ቢያንስ ምክንያቱን አውቀው ነበር። አሁን እሱንም ወሰድሽው። ሂጂልኝ።»

ሄድኩ።

መጋቢት 2

ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ መለኪያ ሳይጽፍ ቀረ። ነጥብ መቀነስ አቃተኝ። ከዚያ ቀነስኩ።

መጋቢት 4

በእረፍት ሰዓት የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ጂጂ ናት። ሰላምታ የለም። «ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። ካርዷ ይኖራል?»

«ይኖራል መሰለኝ።»

«ብቻዬን አልሄድም። አማቴ ታለቅሳለች። አንቺ ነይ።»

ምክትል ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ በረርኩ።

ካርድ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰዓት ተፈለገ። የለም ተባለ። ባለፈው ዓመት የነበረው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል ተባለ። የዚያ ክፍል ቁልፍ ያላት ምሳ ወጥታለች ተባለ። ሌላ ጊዜ ብትመጡ... አልንቀሳቀስም አልኩ። አንድ ወር የተጠራቀመው ንዴቴ ሁሉ አንዴ ጠቀመኝ።

ተገኘ። ሲስተሯ ትልቅ ሴት ናት፣ ቀስ ብላ አነበበችላት። ሳል፣ ትኩሳት፣ የፈጠነ ትንፋሽ። ከባድ የሳንባ ምች። መርፌ ተጀምሯል፣ ወደ ሆስፒታል ተልካለች።

«ሳል ነበራት» አለች ጂጂ። «ጉንፋን ነው ብዬ... ዘግይቼ ነው ያመጣኋት?»

ሲስተሯ ወደ ካርዱ ተመለሰች። ጣቷን አስቀመጠችበት። «በሁለተኛው ቀን ነው ያመጣሻት። ይኸው ተጽፏል። ብዙ እናቶች በሳምንታቸው ነው የሚመጡት። አልዘገየሽም።»

ጂጂ ካርዱን ልያዘው አለች። አይሰጥም፣ ፋይል ነው። በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ሁለት ጊዜ፣ እንዳይደበዝዝ።

ውጭ ስንወጣ አላናገረችኝም። ታክሲ ተራ ስንደርስ ግን ስትሻገር ክንዴን ያዘች። መኪና ስለነበረ ይሆናል።

መጋቢት 13

ምንጩ ዛሬ ተከፈተ።

ሦስት ሰዓት ላይ ተባለ፣ የውሃ ቢሮው ሰው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። መጥቶም ቁልፉ ጠፍቷል አለ! ታኅሣሥ ላይ የያዘው ባልደረባው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። ደብዳቤ ይጻፍ ሊል ሲል ለዲኖ ደወልኩ። ሱቁን ለወንድሙ ትቶ፣ ፒክአፑን አስነስቶ፣ የብረት መጋዝ ይዞ መጣ። በአንድ እጁ እየቆረጠ በሌላው ስልኩን ይዞ «አይ፣ ባለ ሠላሳ ሁለቱ ቆርቆሮ አልቋል» ይላል።

ኦቦ ጌታቸው ከሱሉልታ መጥተዋል፤ እሳቸውም ሦስት ታክሲ። ኤርምያስም አለ። ሦስት መቶውን መጽሔት ሰብስበው የእርማት ወረቀት ሲለጥፉ ነው የሰነበቱት፣ ሁለቱ በእጃቸው፣ በኮላ። ሎሚ የምታህለዋ 75 ላይ በቀጥታ። ኤርምያስ ጣቱ አሁንም ይጣበቃል። የከተማው ሰዎች ስለ ቢሮው ሲጠየቁ «እናያለን» ብለዋል። ማኅተሙ ኮት ውስጥ ይቆያል። በሚቀጥለው ስብሰባ አዲስ አጀንዳ አለ፦ ስኬት ያለው አባል ሁሉ ከቅጹ ጋር ዋናውን ወረቀት ያቅርብ፣ ሌላ አባል ደግሞ ያሰላዋል። ሃሳቡ የኦቦ ጌታቸው ነው። ኤርምያስ ለዚህ አዲስ ቅጽ አዘጋጅቷል። ምን ይደረግ።

ከአባላቱ አሥራ አንዱ ከማኅበሩ ቴሌግራም ወጥተዋል። አንዱ «አዋረድሽን» ብሎ ጻፈልኝ። መልቀቂያዬን ግን ቀድጃለሁ። ልሂድላቸው እንዴ?

ሳጥኑ ሲከፈት ሴቶቹ እልል አላሉም። ጄሪካናቸውን አሰለፉ፣ ቀዱ። ገና አዲስ ችግኝ ማፍላት አለባቸው፤ የደረቀው ደርቋል። አዴ ያለምወርቅ የመጀመሪያውን ኩባያ አቀረቡልኝ፣ «ነይ፣ አንቺ ቅመሺ።» ፆም ነኝ አልኳቸው። «ኤዬ፣ ረሳሁት» ብለው ራሳቸው ጠጡት።

ጂጂ ዳር ቆማ ነበር። ቦርሳዬ ጎን ላይ የተሰካውን ባዶ ጠርሙስ ሳትጠይቀኝ መዘዘችው። ወረፋውን አልፋ ሄደች፣ ሁለቴ አለቀለቀችው፣ ሞላችው፣ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው። ሰጠችኝ።

«ለማታ» አለች።

ወደ ማታ በዲኖ ፒክአፕ ስንመለስ አየር ጤና ጋ መንገዱ ተዘጋ። የጫነው መኪና፣ ጋሪው፣ ባጃጁ... ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ሞተር አጥፍቷል። አዛን ሲል ገና እዚያው ነን። ዲኖ «ተምር እንኳ አልያዝንም» ብሎ መሪውን መታ።

ጠርሙሱን ከፈትኩ። ቢስሚላህ ብዬ ጠጣሁ። ዲኖ እጁን ዘረጋ። ቆይ አልኩት፤ አንድ ጊዜ ደግሜ ተጎነጨሁና ሰጠሁት።